ያልተቀደደ ሽፋን፦ የቢል ሂልድ ምርምርና የሬክተም ካንሰር ቀዶ ሕክምና

ሬክተም የትልቁ አንጀት የመጨረሻው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍል ነው። ከደንዳኔው ማብቂያ ተነሥቶ በዳሌ አጥንት ቀለበት ውስጥ ቁልቁል ይወርድና ፊንጢጣ ላይ ያበቃል። ከፊቱ በወንድ የሽንት ፊኛና ፕሮስቴት፣ በሴት ማኅፀን ይገኛሉ። ከኋላው የአከርካሪው የታችኛው አጥንት አለ። በግራና በቀኙ ሽንትንና የወሲብ ሥራን የሚያዝዙ ነርቮች እንደ ቀጭን ክር ተዘርግተው ያልፋሉ። ቦታው ጠባብና ጥልቅ ነው፤ የወንድ ዳሌ ደግሞ ከሴት ይልቅ ይጠባል። ሆድ ተከፍቶ እንኳ ብርሃን በቀላሉ አይደርስበትም። እዚህ ላይ የሚበቅል ካንሰር ቀዶ ሐኪምን ከሚፈትኑት ሁሉ አንዱ የሆነው ከባሕርዩ ብቻ ሳይሆን ከመኖሪያውም የተነሣ ነው።

በ2022 በዓለም ላይ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሬክተምን ጨምሮ በትልቁ አንጀት ካንሰር እንደተያዙ፣ ከ900 ሺህ በላይ ሰዎች ደግሞ በዚሁ በሽታ እንደሞቱ ይገመታል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በተያዦች ብዛት ከካንሰሮች ሦስተኛ፣ በገዳይነት ሁለተኛ ነው። ከእነዚህ ሕሙማን ከሦስቱ የአንዱ ያህል ዕጢ የሚገኘው ሬክተም ላይ ነው።

የሬክተም ካንሰርን ከሌላው የአንጀት ካንሰር ለይቶ ያስፈራው የነበረው በዚያው በወጣበት ቦታ ማገርሸቱ ነው። ዕጢው ተቆርጦ ወጥቶ፣ ቁስሉ ደርቆ፣ ታካሚው ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ፣ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ቆይቶ በዳሌው ውስጥ ዳግም ይበቅላል። ያን ጊዜ መቀመጥ ያቅታል፤ ሕመሙ ወደ እግር ይወርዳል፤ ከኩላሊት የሚወርደው የሽንት ቧንቧ ይታፈናል። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የሚቻለው ለጥቂቶች ብቻ ነው። እስከ 1980ዎቹ ድረስ በታተሙ ጥናቶች ማገርሸቱ ከመቶ ታካሚ ከ15 እስከ 45 በሚሆኑት ላይ ይታይ ነበር። ከሆስፒታል ሆስፒታል፣ ከሐኪም ሐኪም እንዲህ መለያየቱ ብቻውን አንድ ነገር ይናገር ነበር። ካንሰሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ውጤቱ በሦስት እጥፍ የሚለያይ ከሆነ፣ ልዩነቱ ከበሽታው ብቻ ሊመጣ አይችልም። ይህን ነጥብ እስከ መጨረሻው ተከትለው በጽሑፍና በቁጥር ያረጋገጡት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ጆን ሂልድ ናቸው። በሙያ ባልደረቦቻቸው ዘንድ የሚታወቁት ቢል ሂልድ በሚል ስም ነው።

ሂልድ የተነሡበት ጥያቄ ረጅም ታሪክ አለው። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ለንደን ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ማይልስ የሬክተም ካንሰርን በመቀመጫ በኩል ብቻ ገብተው ያወጡ ነበር። የራሳቸውን ታካሚዎች ሲከታተሉ ከ57ቱ በ54ቱ ላይ በሽታው እንደተመለሰ አዩ። ይህን የመሰለ ቁጥር አለመደበቃቸው የሚያስከብራቸው ነው። የሞቱትን አስከሬን መርምረው ካንሰሩ ወደ ላይ፣ ወደ ጎንና ወደ ታች እንደሚዛመት ደመደሙና በ1908 «ዘ ላንሴት» መጽሔት ላይ አዲስ አሠራር አወጡ፦ በሆድም በመቀመጫም በኩል ገብቶ ሬክተሙን ከነፊንጢጣው ማውጣት፣ ሰገራ የሚወጣበትንም ቀዳዳ ሆድ ላይ ለዘለቄታው መክፈት። ከመጀመሪያዎቹ 12 ታካሚዎች 5ቱ ከቀዶ ሕክምናው ሳያገግሙ ሞቱ። ደም መስጠትና ማደንዘዣ እየተሻሻሉ ሲመጡ ግን የማይልስ አሠራር ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል መደበኛው ሕክምና ሆነ። በ1932 በለንደን የቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል ፓቶሎጂስቱ (ተቆርጦ የወጣን የሰውነት ክፍል የሚመረምሩት ሐኪም) ከትበርት ዱክስ የወጡትን ናሙናዎች መርምረው በሽታውን በሦስት ደረጃ ከፈሉት፦ ከአንጀቱ ግድግዳ ያላለፈ፣ ግድግዳውን ያለፈ፣ እና ሊምፍ ኖድ (የሊምፍ ፈሳሽ የሚጣራበት ትንሽ እጢ) የደረሰ። ዛሬ የሚሠራበት የደረጃ አሰጣጥ ከዚህ የወጣ ነው።

ፊንጢጣውን ሳይነኩ ዕጢው ያለበትን ክፍል ብቻ ቆርጦ ሁለቱን ጫፎች መልሶ መቀጠል የተለመደው ዘግይቶ ነው። በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ቀዶ ሐኪም ክሎድ ዲክሰን በ1948 ያሳተሙት ውጤት በላይኛው የሬክተም ክፍል ላለ ዕጢ ይህ እንደሚቻል አሳመነ። በ1970ዎቹ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት የተጀመረው፣ አንጀትን በክብ ረድፍ ሽቦ የሚሰፋው ስቴፕለር በምዕራቡ ዓለምም ተስፋፋ፤ እጅ ገብቶ በመርፌ ሊሰፋ በማይችልበት ጥልቀት መቀጠል ተቻለ። ብዙ ሰው ሆዱ ላይ ከረጢት ይዞ ከመኖር የሚድንበት መንገድ ተከፈተ። ይሁንና ወዲያው ሥጋት ተነሣ። ፊንጢጣ የተረፈላቸው ታካሚዎች ስፌቱ አጠገብ እያገረሸባቸው መጡ፤ አንዳንዶችም ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ አደረጉት።

በዚያ ዘመን ቀዶ ሐኪሞች የሚመሩበት ሕግ ከዕጢው በታች ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ አንጀት ጨምሮ መቁረጥ ነበር። ዕጢው ለፊንጢጣ ቀረብ ካለ 5 ሴንቲ ሜትር ማግኘት ስለማይቻል ታካሚው ፊንጢጣውን ያጣል። የብዙ ሰው ዕድሜ ልክ ኑሮ በዚህ አንድ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በ1983 በእንግሊዝ ሊድስ የተደረገ ጥናት 50 ናሙናዎችን መርምሮ በ38ቱ ካንሰሩ በግድግዳው ውስጥ ከዕጢው ጠርዝ በታች ጨርሶ እንዳልወረደ፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ የወረደውም በ5ቱ ብቻ እንደሆነ አሳየ። ስለዚህ በአንጀቱ ርዝመት የሚለካው ጥንቃቄ የተጋነነ ነበር። አደጋው የተደበቀው ሌላ ቦታ ነው።

ሂልድ ይሠሩ የነበረው በታላቅ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አልነበረም። የሠሩባት ቤዚንግስቶክ ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በሐምፕሻየር ያለች መካከለኛ ከተማ ናት፤ ሆስፒታሏም የአካባቢውን ሕዝብ የሚያገለግል አጠቃላይ ሆስፒታል ነው። ሂልድ ከ1978 ጀምሮ እዚያ የሬክተም ካንሰርን ሁሉ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ማውጣትና እያንዳንዱን ታካሚ ለዓመታት መከታተል ጀመሩ። ትኩረታቸውን የሳበው አንጀቱ ራሱ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ሥብ ነው።

ሬክተም ባዶውን አይቀመጥም። ከኋላውና ከጎኑ በወፍራም ሥብ የታቀፈ ነው። የደም ሥሮቹ፣ የሊምፍ መስመሮቹና ሊምፍ ኖዶቹ በዚህ ሥብ ውስጥ ያልፋሉ። ሥቡ ሜዞሬክተም ይባላል። ከውጭ ደግሞ በስስና በሚያንጸባርቅ ሽፋን ተጠቅልሏል። ሽፋኑን ሂልድ አላገኙትም፤ የአካል ጥናት ሊቃውንት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ያውቁት ነበር። የሂልድ ድርሻ ትርጉሙን ማየት ነው። ፅንስ በማኅፀን ሳለ የአንጀቱ የኋለኛ ክፍል ከነደም ሥሩና ከነሊምፉ እንደ አንድ ጥቅል ሆኖ ያድጋል፤ ከዳሌው ግድግዳ ጋር ይጠጋጋል እንጂ አይዋሐድም። ካንሰርም ከአንጀቱ ግድግዳ ሲወጣ አስቀድሞ የሚጓዘው በዚያው ጥቅል ውስጥ ባሉት መስመሮች ነው። ስለዚህ ለጊዜው ሽፋኑ አጥር ሆኖ ያግደዋል። ጥቅሉ ሳይቀደድ በሙሉ ከወጣ ካንሰሩም አብሮ ይወጣል፤ ከተቀደደ ግን የካንሰር ዘር የያዘ ሥብ ዳሌው ውስጥ ይቀራል።

አሠራሩን በቅርብ ለመረዳት በግ ሲገፈፍ ያየ ሰው አይቸገርም። በቆዳውና በሥጋው መካከል ነጭ፣ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ነገር አለ። ገፋፊው ያንን ካገኘ ቆዳው ያለ ደም፣ ያለ ትግል ይላቀቃል። ቢላው ወደ ቆዳው ካዘነበለ ቆዳው ይበሳል፤ ወደ ሥጋው ካዘነበለ ሥጋው ከቆዳው ጋር ይሄዳል። በሜዞሬክተምና በዳሌው ግድግዳ መካከልም እንዲህ ያለ ድር መሳይ ነገር አለ። ሐኪሙ ሬክተሙን በቀስታ ወደ ፊት ሲስበው ድሩ ይወጠርና ነጭ ሆኖ ይታያል፤ መቁረጥ ያለበት ያንን ብቻ ነው። ደም ሥር እምብዛም ስለሌለው ደም ከታየ ከመስመር የመውጣት ምልክት ነው። ንጽጽሩ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። በግ ገፋፊ ጡጫውን አስገብቶ ቆዳውን ይገፋል። የቀድሞ ቀዶ ሐኪሞችም በዳሌው ጨለማ ውስጥ እጃቸውን ሰደው ሬክተሙን ከኋላው በመዳበስ ይፈለቅቁት ነበር። ሂልድ አጥብቀው የተቃወሙት ይህን ነው። እጅ የሚሄደው ቀላል በሆነለት በኩል ስለሆነ ሥቡን ይቀድዳል፤ ከፊሉንም አጥንቱ ላይ ትቶት ይወጣል። የእሳቸው ሥርዓት በቂ ብርሃን ይዞ፣ በዓይን እያዩ፣ በስለት እያንዳንዱን ሚሊ ሜትር መቁረጥ ነው። ሥራው ሰዓታት ይወስዳል። በትክክል የወጣ ናሙና ከኋላው ሲታይ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በመካከሉ እንደ መቀመጫ ሁለት ጉብታ ያለው ነው። በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ ሂልድ ይህን የመለያያ መስመር «ቅዱስ» ብለው ሰየሙት፤ ስያሜው እስከ ዛሬ በቀዶ ሕክምና ክፍሎች ይነገራል።

መሠረቱን የጣለው ጽሑፍ ግን በ1982 በ«ብሪቲሽ ጆርናል ኦቭ ሰርጀሪ» የወጣው ነው። ሂልድ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የጻፉት አራት ገጽ ብቻ ነው። አምስት ናሙናዎችን ይገልጻል። በአምስቱም ከዕጢው የታችኛው ጠርዝ በርካታ ሴንቲ ሜትር ወርዶ፣ በሜዞሬክተሙ ሥብ ውስጥ፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ የካንሰር ቅንጣቶች ተገኝተዋል። በሁለቱ ላይ ሌላ የሊምፍ መዛመት ምልክት አልነበረም። ነገሩ ይህ ነው፦ የአንጀቱ ግድግዳ ንጹሕ በሆነበት ከፍታ ላይ ከአጠገቡ ያለው ሥብ ንጹሕ አልነበረም። በተለመደው አሠራር ደግሞ ያ ሥብ ከነቅንጣቶቹ ዳሌው ውስጥ ይቀር ነበር። ጽሑፉ ቀጥሎ ሜዞሬክተሙን በሙሉ የማውጣቱ ሥራ ከ100 በላይ በሆኑ ተከታታይ ታካሚዎች ላይ እንደተፈጸመ፣ ለመዳን ተስፋ ተደርጎ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸውና ከሁለት ዓመት በላይ ከተከታተሏቸው 50 ሰዎች በአንዱም ላይ በዳሌው ውስጥም ሆነ በስፌቱ ላይ እንዳላገረሸ ይናገራል። አምስት ናሙናና አንድ ዜሮ። የዘመናዊው የሬክተም ቀዶ ሕክምና መነሻ ይህ ነው።

ማመን ያቃታቸው ብዙ ነበሩ፤ መጠራጠራቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድ ሐኪም፣ አንድ ሆስፒታል፣ ያለ ማነጻጸሪያ ቡድን። ቀላል ቀላሉን በሽታ መርጠው ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ለዓመታት ተከትሏቸዋል። መልሳቸው ክትትሉን አለማቋረጥ ነበር። በ1986 በ«ዘ ላንሴት» የ115 ታካሚዎችን ውጤት አወጡ፤ በዳሌ ውስጥ ያገረሸባቸው ከመቶ 5 አይሞሉም። በ1998 የሃያ ዓመት መዝገባቸውን ዘረጉ። ከ1978 እስከ 1997 በቤዚንግስቶክ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው የሬክተም ካንሰር ታካሚዎች 519 ናቸው። ከእነዚህ ለመዳን ታስቦ ሥራው የተፈጸመላቸው 405 ሲሆኑ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በዚያው ቦታ ያገረሸባቸው ከመቶ 3፣ በአሥር ዓመት ከመቶ 4 ብቻ ነበሩ። ፊንጢጣቸውን ያጡት ደግሞ ከ519ኙ 37 ናቸው። በማይልስ ሥርዓት ቢሆን አብዛኛው ያጣው ነበር።

ከሂልድ ጎን ለጎን ሌላ ማስረጃ የመጣው ከቀዶ ክፍል ሳይሆን ከፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ነው። በሊድስ ፊሊፕ ኩዌርክ የወጣውን ናሙና ውጫዊ ገጽ በቀለም ይቀቡና ከላይ እስከ ታች እንደ ዳቦ በስሱ ይቆርጡት ጀመር። የቀደሙት ፓቶሎጂስቶች ሁለቱን የአንጀት ጫፎች ሲመለከቱ ኩዌርክ ጎኑን አዩ፤ ካንሰሩ ቀለም ከተቀባው ዳር ምን ያህል ይርቃል ብለው። በ1986 ባሳተሙት ጥናት ከ52 ታካሚዎች በ14ቱ ካንሰሩ ከዳሩ ደርሶ ተገኘ፤ ከ14ቱ በ12ቱ ላይም በዳሌው ውስጥ አገረሸ።  ከዚህ በኋላ ማገርሸቱን የበሽታው ክፋት ብቻ ብሎ ማለፍ አልተቻለም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ካንሰሩ ከጎን ዳር 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት ላይ ከተገኘ ዳሩ ንጹሕ እንዳልሆነ ይቆጠራል።

አንድ ሐኪም በራሱ ሆስፒታል የሚያገኘው ውጤት እጀ ወርቅ በመሆኑ ሊሆን ይችላል። ከባዱ ፈተና ሌሎች ሊማሩት መቻላቸው ነው። የስቶክሆልም ታሪክ ከቤዚንግስቶኩ ይልቅ አሳማኝ የሚሆነው በዚህ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በስዊድን ዋና ከተማና በዙሪያዋ ያሉ ቀዶ ሐኪሞች ሂልድ ራሳቸው በተገኙባቸው የሥልጠና መድረኮች ላይ ሥራው ሲሠራ እያዩ አሠራሩን ተማሩ። ከዚያ በኋላ የታከሙ 447 ሰዎች ውጤት በ2000 ታተመ። ከሥልጠናው በፊት በነበሩት ሁለት ጥናቶች ከመቶ 15 እና 14 የነበረው ማገርሸት ወደ 6 ወረደ። ፊንጢጣቸውን የሚያጡት ከመቶ 60 እና 55 ወደ 27 ቀነሱ። በካንሰሩ የሚሞቱትም ከመቶ 15 እና 16 ወደ 9 ወረዱ። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም፤ ሕዝቡም፣ ሆስፒታሎቹም ያው ናቸው። የተለወጠው የሐኪሞቹ እጅ ነው። ኖርዌይም አሠራሩን በመላ አገሪቱ አስተምራ የእያንዳንዱን ሆስፒታል ውጤት በብሔራዊ መዝገብ መከታተል ጀመረች።

ቀዶ ሕክምናው ይህን ያህል ከጠራ ጨረር ምን ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በ1997 የታተመ የስዊድን ጥናት በ1168 ታካሚዎች ላይ ከቀዶ ሕክምና በፊት ለአንድ ሳምንት የሚሰጥ ጨረር ማገርሸትን ከመቶ 27 ወደ 11 እንደሚያወርድ አሳይቶ ነበር። ነገር ግን ያ የቆየው አሠራር ዘመን ነው። የኔዘርላንድ ሐኪሞች ጥያቄውን በአዲሱ አሠራር ላይ ፈተኑት፤ ቀዶ ሐኪሞቹ አስቀድመው ሠለጠኑ፤ 1861 ታካሚዎች በዕጣ ተመደቡ። በ2001 በወጣው ውጤት በሁለት ዓመት ውስጥ ያገረሸባቸው ቀዶ ሕክምና ብቻ ካገኙት ከመቶ 8.2፣ ጨረር ከተጨመረላቸው 2.4 ሆኑ። በሁለት ዓመት በሕይወት የነበሩት ግን በሁለቱም ወገን እኩል ከመቶ 82 ያህል ናቸው። ጨረር ይረዳል፤ ለሁሉም እኩል አያስፈልግም። ማን እንደሚያስፈልገው ለመለየት ኤምአርአይ አገልግሏል። «ሜርኩሪ» የተባለው የአውሮፓ ጥናት በ2006 ባወጣው ውጤት በ11 ማእከላት የታዩ 408 ታካሚዎችን መሠረት አድርጎ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሚነሣ ጥራት ያለው ምስል ካንሰሩ ለሽፋኑ ምን ያህል እንደቀረበ ማወቅ እንደሚቻል አረጋገጠ። ሂልድ በቢላ የሚከተሉት መስመር በምስል ላይም ይታያል፤ ሐኪሙ ከመግባቱ በፊት ካርታ አለው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልመጣም። ሜዞሬክተሙ በሙሉ ሲወጣ የሚቀረው ጉቶ አጭርና ደሙ የሳሳ ስለሚሆን ስፌቱ የመፍሰስ አደጋ አለው። ከቤዚንግስቶክ በ1994 በታተመ ጥናት ከ219 ታካሚዎች በ24ቱ ከባድ፣ በ14ቱ ቀላል መፍሰስ ታይቷል። ሰገራ ወደ ዳሌ ከፈሰሰ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ስፌቱ ዝቅ ሲል ለጥቂት ወራት የሚቆይ የሰገራ መውጫ ሆድ ላይ መክፈት የተለመደ ሆነ። ከዳኑ በኋላም ብዙዎች ሰገራ መቋጠር ይቸግራቸዋል፤ በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳሉ፤ ከቤት ሲወጡ መጸዳጃ ያለበትን አስቀድመው ያጠናሉ። ሐኪሞች ለዚህ ችግር ዛሬ በሰፊው የሚሠራበትን የመለኪያ ሰንጠረዥ ያወጡለት በ2012 መሆኑ ያሳዝናል፤ ታካሚዎች ከዚያ በፊት አሥርት ዓመታት በዝምታ ተሸክመውታል። በአንጻሩ ትክክለኛው መስመር ከነርቮቹ ወደ ውስጥ ስለሚያልፍ በቀድሞው አሠራር ይደርስ የነበረው የሽንትና የወሲብ ጉዳት ቀንሷል።

ሐሳቡ ከሬክተም ውጭም ሄዷል። በጀርመን ኤርላንገን ቀዶ ሐኪሙ ቨርነር ሆሄንበርገር ይህንኑ መርሕ ለደንዳኔው ካንሰር አውለው በ2009 ከ1329 ታካሚዎች የተገኘ ውጤት አሳተሙ፤ በአምስት ዓመት በካንሰሩ ሳይሞቱ የቆዩት ከመቶ 82.1 ወደ 89.1 ከፍ አሉ። በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ የሚሠራው ቀዶ ሕክምናም 1044 ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት በ2015 ተፈትኖ በሦስት ዓመት ማገርሸቱ ከክፍት ቀዶ ሕክምናው ጋር እኩል፣ ከመቶ 5 ሆነ። በፊንጢጣ በኩል ወደ ላይ እየተሠራ የሚሄደው አዲስ ስልት ግን ማስጠንቀቂያ ሆኗል፤ ኖርዌይ መዝገቧ ላይ ያልተለመደ ማገርሸት ስላየች አገልግሎቱን በመላ አገሪቱ አቆመችው። ሕሙማንን ያዳነው ሂልድ የጀመሩት ዓይነት ክትትል ነው።

ከብራዚል የመጣው ግኝት ደግሞ ቀዶ ሐኪሞችን ይበልጥ አስደነቀ። የሳኦ ፓውሎዋ ቀዶ ሐኪም አንጄሊታ ሀብር-ጋማ በ2004 ባሳተሙት ጥናት ከ265 ታካሚዎች በ71ዱ ዕጢው በጨረርና በኬሞቴራፒ ብቻ ጨርሶ በመጥፋቱ ቀዶ ሕክምናውን ትተው በቅርብ ክትትል አቆዩአቸው። በ2018 የታተመ ዓለም አቀፍ መዝገብ 880 እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን ይዞ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ዕጢው የተመለሰባቸው ከአራቱ አንዱ ያህል እንደሆኑ አሳየ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሬክተምን በጥራት ማውጣት ያስተማሩት ሂልድ በኋለኛው ዘመናቸው ፖርቱጋል ውስጥ፣ ሊዝበን ሆነው፣ ይህን ሳይቆርጡ የመጠበቅ መንገድ ከሚደግፉት አንዱ ሆኑ። የራሱን ሥራ እንዲህ ለመተው የሚዘጋጅ ሐኪም ብዙ አይገኝም።

የቀዶ ሕክምናው ጥራት እንዴት ይመዘናል ለሚለው ዛሬ ቁርጥ ያለ መልስ አለ። ፓቶሎጂስቱ ናሙናውን ገና ሳይቆርጥ ከፊትና ከኋላው ፎቶግራፍ ያነሣና ከሦስት ደረጃ በአንዱ ያስቀምጠዋል፦ ሽፋኑ ሳይቀደድ የወጣ፣ ሥቡ በከፊል የተቦደሰ፣ ወይም ቁርጡ እስከ አንጀቱ ጡንቻ የደረሰ። በ2009 ኩዌርክና ባልደረቦቻቸው በ1156 ናሙናዎች ላይ ባሳተሙት ጥናት በሦስት ዓመት ውስጥ የማገርሸቱ መጠን በቅደም ተከተል ከመቶ 4፣ 7 እና 13 ነበር። ሽፋኑ ሳይቀደድ ወጥቶ፣ አጭር ጨረርም አስቀድሞ ከተሰጠ ከመቶ ወደ 1 ወረደ።

ይህ እውቀት የጨረር መሣሪያ በማይበቃባቸው አገሮች ይበልጥ ይመዝናል። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ጨረር የሚሰጠው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከዋና ከተማዋ ውጭ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ወረፋው ወራት በሚወስድበት አገር የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ጥራት አብዛኛውን ሸክም ይሸከማል። ስቶክሆልም የተማረችው ነገር ውድ ማሽን አይጠይቅም፤ የሠለጠነ እጅ፣ በቂ ብርሃን፣ ናሙናውን በሐቀኝነት የሚመዝን ፓቶሎጂስትና ታካሚውን የሚከታተል መዝገብ ይፈልጋል።

የሂልድ መስመር የሚያገለግለው ግን ካንሰሩ ሽፋኑን ሳይሻገር ነው። ከተሻገረ በኋላ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ከሰገራ ጋር የሚወጣ ደም በአብዛኛው ኪንታሮት ተብሎ ወራት ያልፋሉ። ኪንታሮት ይደማል፤ የሬክተም ካንሰርም ይደማል፤ ሁለቱን በደሙ መለየት አይቻልም። ደም ያየ፣ የሰገራ ልማዱ ለሳምንታት የተለወጠበት፣ ከተጸዳዳ በኋላም ያልወጣለት የሚመስለው ሰው ኪንታሮት ነው ከመባሉ በፊት ይመርመር፤ ቢያንስ ሐኪሙ በጓንት ጣቱን አስገብቶ ይፈትሽ። በሬክተም የታችኛው ክፍል ያለ ዕጢ በጣት ይዳሰሳል፤ ምርመራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም።